ለቆራሹም ይቆረስለት

እምዬ፣ «ይች ልጅ ምን በልታ ታድር ይሆን?» ሳትዪ የመሸበት ቀን እንደሌለ አውቃለሁ። ብታኮርፊኝም፣ ስልኬን ባታነሺም፣ ይችን ጥያቄ እንደማትተያት አውቃለሁ። ስለዚህ ከሰላምታዬ በፊት መልሷን ላስቀድምልሽ፤ እበላለሁ። ደኅና አድርጌ እበላለሁ። ዛሬ የበላሁትም ዳቦ ነው። አዎ፣ ዳቦ።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ከረምሽልኝ? ውርጩ ሲበረታ የሚነሳብሽ ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ገብሱ ተወቅቶ ገባ ወይስ ገና አውድማ ላይ ነው? ላሚቱስ ወለደች? እኔ ከናፍቆትሽና ከኩርፊያሽ በቀር ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ በደወልኩ ቁጥር የሚያነሳው አባዬ ነው። «እናትሽ ከብት ልትመልስ ወጥታለች» ይለኛል። ጧት ስደውል ከብት፣ በቀትር ስደውል ከብት። እኛ ቤት ያሉት ላሚቱና ጥንድ በሬዎቹ ናቸው፤ ምነው እንዲህ የማይመለሱ ሆኑ? አባዬ ቄስ ነው፣ መዋሸት አይችልበትም፤ እሱ ስለ ከብት ሲያወራ ያንቺን ሳል ከጀርባው እሰማዋለሁ። እናም እንደ ድሮው በወረቀት መጣሁ። ከዳባት ድንች እየጫነ የሚመላለሰው አያ ፋንታሁን «እኔ አደርስልሻለሁ» ብሎኛል።

የሚያነብልሽ አባዬ እንደሆነ አውቃለሁ። የአባዬን የደብዳቤ አነባበብ ደግሞ አንቺም ታውቂያለሽ። ልጅ ሳለሁ የመንደሩ ሰው ደብዳቤውን ይዞ እኛ ቤት ሲመጣ፣ ክፉ ክፉውን እየዘለለ ሸጋ ሸጋውን ብቻ ነበር የሚያነብላቸው። የእትዬ ይመኙሽ ልጅ ከሱዳን «ታምሜ ተኝቼ ነበር» ብሎ ሲጽፍ፣ አባዬ «ተኝቼ ነበር» የምትለዋን ብቻ ቢያነብላት፣ «ይሄ ሰነፍ! እዚያም ሄዶ እንቅልፉን አልተወም!» ብላ ስትሰድበው የዋለችው ትዝ ይልሻል? ስለዚህ እህቴ ሰርካለም አጠገቡ ቁጭ ትበልና መስመር በመስመር በዓይኗ ትከተለው። አባዬ፣ አንተም ስማኝ፤ ይችን እንዳትዘላት።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ለኅዳር ሚካኤል ዝክር ቤት በመጣሁ ጊዜ ከዚያች ቁራሽ ነው አይደል? ቤቱ ድፎው በተጋገረበት የኮባ ቅጠል ሽታ ታውዷል፤ የጽዋው ማኅበርተኛ በሙሉ ተሰብስቧል፤ አባዬ ቆሞ ባረከና እየቆረሰ ለሁሉም አደለ። ለእኔም ደረሰኝ። ተሳለምኩና በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳት። የጠላውን ዋንጫም ከአጠገቤ አስቀመጥኩት። ከዚያ የእትዬ ይመኙሽ ዓይን መጣ።

«የሚካኤልን ጸበል ጻዲቅ በነጠላ መቋጠር ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያስተምረው? አንቺ እናቷ፣ ልጅሽን እያየሻት ነው?» አለች። ቀጥላም ለጎረቤቷ በጆሮዋ፣ ግን ሁላችንም እንድንሰማ፣ «ዳቦውን አትበላ፣ ጠላውን አትጠጣ፤ እንግዲህ ማጨብጨቡ ነው የቀራት።» ሰዉ ሳቀ። አንቺ አልሳቅሽም። በማግስቱ ስሰናበትሽም ስመሽኝ ነበር፣ ግን ጉንጭሽ ብቻ ነው የነካኝ። ጴንጤ ሆናለች ብለሽ ማልቀስሽን የነገረኝ አያ ፋንታሁን ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እኔም አለቀስኩ።

እምዬ፣ ሃይማኖቴን አልለወጥኩም። እሁድ እሁድ ከሰፈሬ ከማራኪ ተነስቼ ቁስቋም ድረስ ሄጄ አስቀድሳለሁ። ስለ ቁርባኑም ለንስሐ አባቴ ሁሉንም አዋይቻቸዋለሁ፤ እሱ በእኔና በእሳቸው መካከል ይቆይ። የተለወጠ ነገር የለም። ችግሩ ሆዴ ነው።

ልጅ ሆኜ ሆዴ እንደ ከበሮ ሲነፋ፣ አንቺ ስንት ጸበል እንዳመላለስሽኝ ታውቂያለሽ። ምች ነው ሲሉሽ ዳማከሴ ጨመቅሽ፣ የሰው ዓይን ነው ሲሉሽ አስጠመቅሽኝ። ካምፓስ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ደኅና እሰነብትና ያንቺ ስንቅ በደረሰ ሳምንት እተኛለሁ። አብራኝ የምትኖረው ምስጢር «አንቺ እኮ እናትሽን የሚያስታውስሽ ነገር ሲመጣ ናፍቆቱ ነው የሚጥልሽ» ትለኝ ነበር፤ እኔም አምኛት ነበር። በመጨረሻ ሐኪሙ መርምሮ ነገረኝ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ሊጡን የሚያያይዘው ነገር አለ፣ ስትጎትቺው የሚሳበው፤ እሱ ነው አንጀቴን የሚያቆስለው። ክኒን የለውም። መተው ብቻ ነው መድኃኒቱ አለኝ።

መተው! ይህን ሲለኝ የታየኝ ምን መሰለሽ? ከደጃችን እስከ ወንዙ ያለው ማሳ። በሶውን በማር ስታሺልኝ ጣቶችሽ። ትምህርት ቤት ስሄድ ኪሴ ውስጥ የምትሞይልኝ ቆሎ፣ መንገድ ላይ እጄን ሳስገባ ገና ትኩስ ነበር። ዳቦ ቆሎው፣ ጠላው፣ ቂንጬው። ያሳደግሽኝን ሁሉ ተዪ አለኝ። ታዲያ በሚካኤል ዝክር፣ በእንግዳ ፊት፣ «ያንቺ ዳቦ ነው የሚያመኝ» የሚል አፍ ከየት ላምጣ? ቁራሿን አልጣልኳትም። ጓዳ ገብቼ ለሰርካለም ነው የሰጠኋት፤ ይኸው አጠገብሽ ተቀምጣለች፣ ጠይቂያት።

አሁን ስለ ዳቦዬ ላውራሽ። የጤፍ ዳቦ ነው፣ ፍራፍሬና ለውዝ ያለበት። እርሾ የለውም፤ ሊጡ አያድርም። ቤኪንግ ፓውደር የሚሉት ዱቄት ተጨምሮበት፣ ታሽቶ ሳይሆን ተማስሎ፣ ወዲያው እሳት ላይ ይወጣል። አንቺ «ሳያድር የተጋገረ ምኑ ዳቦ ነው» ስትዪ እየሰማሁሽ ነው። ቆይ፣ እስኪ ጨርሺኝ።

ጤፉን ለማስፈጨት ወፍጮ ቤቱ ሳይከፈት እደርሳለሁ፣ ስንዴ በተፈጨበት ላይ እንዳይፈጭብኝ። ባለ ወፍጮው «ምነው እህቴ፣ ጤፍሽ ከስንዴ ጋር ተጣላ እንዴ? ሽማግሌ እንላክ?» ይለኛል። ሙዝና ቴምር ከገበያ ገዛሁ። ለውዙ ለምስጢር ከቤተሰቦቿ፣ ከዛሪማ የመጣላት ነው፤ ቆልተን ወቀጥነው። ዘቢብ ስፈልግ ግን ጉድ ፈላ። ዘቢብ ታጥቦ ደርቆ፣ ንጹሑ ያለው ቁስቋም በር ላይ ጧፍና ዕጣን ከምትሸጠው ሴትዮ ዘንድ ነው። «ስለት ነው ልጄ? ለየትኛው ታቦት?» አለችኝ። «ለዳቦ ነው» አልኳት። አማተበች! «ለዳቦ? ዘቢብ? ተይ ልጄ፣ በቁስቋም ደጅ ቆመሽ?» እትዬ ይመኙሽ እዚያ ባትኖር ነው እንጂ ያን ቀን አልቆልኝ ነበር። ለማንኛውም ከገዛሁት ላይ ከፍዬ ለቤተ ክርስቲያኑ አስገባሁ፣ አባዬ እንዳይቀየመኝ።

ምድጃዬ አንድ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ነው። ትልቁን ድስት ውስጡን ጠጠር አልብሼ አግለዋለሁ፣ ዳቦው ያለበትን ትንሹን ድስት ጠጠሩ ላይ አስቀምጬ ክዳኑን በድንጋይ እጭነዋለሁ። የመጀመሪያው ከውጭ ደረቀ፣ ሲቆረስ ደግሞ እንደ አሸዋ ፈሰሰ። ምስጢር ፍርፋሪውን እያየች «ጨርሶ ከደረቀ የቁስቋሟን እቴጌ ግንብ ይጠግኑበታል» አለች። የሚያያይዘው ነገር የለውማ! ስንዴ የሚሰጠውን ያንን መሳብ ጤፍ ከየት ያምጣው? ሙዝ ብጨምር ላላ፣ ዘይት ብጨምር ባሰ።

ከዚያ አንድ ቀን ጆንያዬን ስፈትሽ ያንቺን ተልባ አገኘሁ። ለጾም ብለሽ ጥሬውን የላክሽልኝን። ቆላሁት፣ ወቀጥኩት፣ በሞቀ ውኃ በጠበጥኩት፤ ተጎተተ እምዬ! እንደ ማር ተጎተተ። ከሙዙ ጋር አዋህጄ ጤፉን ለወስኩበት። በዚያን ቀን ክዳኑን ሳነሳ ዳቦዬ ተነስቶ፣ ከላይ ተሰንጥቆ፣ ዘቢቡ እንደ ዓይን ብቅ ብሎ አገኘሁት። ስቆርሰውም ያዘ። የያዘው ያንቺ ተልባ ነው። እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፤ ለነቢያት ጾም ይሆናል። ምስጢር እንኳ በልታ አፏ ሙሉ ሆኖ «አሁን ገና ተመረቅሽ» አለችኝ።

እንግዲህ በማኔጅመንት ተመርቄ የማስተዳድረው ሁለት ድስት ነው። አትዘኚ። የሥራ ማስታወቂያ ማየቱን አልተውኩም፤ ግን እዚሁ ማራኪ ያለች ባለ ካፌ ቀምሳ ለጾመኞቹ ደንበኞቿ እንዳመጣላት ነግራኛለች። ሐኪሙም «እንዳንቺ ያሉ ልጆች ያሏቸው እናቶች የሚያበሉት እየጨነቃቸው ነው፣ ይህን አሳያቸው» ብሎኛል። አሁን አሁን ቁጭ ማለት አቅቶኛል፤ ሌላ ድስት፣ ሌላ እህል፣ ሌላ ነገር ልሞክር እያልኩ እንቅልፍም የለኝ። ስለዚህ ስንቅሽን አትላኪ አላልኩሽም። በበሶው ፈንታ ተልባ ላኪልኝ፤ ጥሬውን፣ ከገብስ ጋር ባልዋለ ከረጢት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሐኪሙ «ሕመሙ በዘር ይወርዳል፤ ከቤታችሁ ዳቦ የማይስማማው ሰው አለ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «ዶክተር፣ እኛ የቄስ ቤት ነን፤ ዳቦ እምቢ የሚል ሰው እኛ ቤት የለም» ብዬው ሳቅሁ። ባለፈው እሁድ ግን የግቢውን ተከራዮች ጠርቼ ዳቦዬን ቆረስኩላቸው። ሁሉም በሉ፣ መረቁኝ። እጄ ባዶ መሆኑን ያወቅሁት ሲያልቅ ነው። «አንቺስ?» ያለኝ ሰው አልነበረም። ለካ የሚቆርሰውን ሰው ማንም አያየውም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ቤታችን ሳስብ የሚመጣብኝ አባዬ ነው። ከዝክር፣ ከክርስትና፣ ከተዝካር ሲመለስ፣ ገና ከአጥሩ ሳይገባ እኔና ሰርካለም እየተሽቀዳደምን ጋቢውን የምንፈታው። ድርሻው ሁልጊዜ እዚያ ነበረች፣ ሳትነካ። «ለልጆቼ» ይል ነበር። ጠላ ሲቀርብለት «ቅዳሴ አለብኝ» ይል ነበር። በዓል ባለፈ ማግስት «ደከመኝ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር። አንቺም ቀበቶውን ስታጠብቂለት «የኔ ባል ከጾሙም አልፎ የሚጾም ነው» እያልሽ ትኮሪበት ነበር። እኔም እኮራበት ነበር። አሁንም እኮራበታለሁ። የናፈቀኝን ነው የጻፍኩልሽ፤ ሌላ አላልኩም።

ሰርካለም፣ አባዬ እዚህ ላይ ድምፁ ከጠፋ ወረቀቱን ተቀበዪውና አንቺ ጨርሺላት።

ከደብዳቤው ጋር አያ ፋንታሁን አንድ ዳቦ ያመጣልሻል፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። የጾሙ ሰዓት ሲደርስ አባዬ ይባርከው። ቢላዋውን ግን አንቺ ያዢ። መጀመሪያ ለእሱ ቁረሺለት፣ ከመሐሉ፣ ዘቢብ ከበዛበት። «ለልጆቹ» ካለሽ ልጆቹ በልተዋል በዪው። ጋቢው ውስጥ እንዳይቋጥራት አጠገቡ ቁጭ በዪ፤ እስኪጨርስም ዓይንሽን ከእሱ ላይ አትንሺ።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ላሚቱን በሰላም ያገላግላት፣ ሳልሽን ያርቅልሽ፤ ከከብቶቹም መልሶ ከስልኩ አጠገብ ያስቀምጥልኝ። ለእትዬ ይመኙሽም ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ከዳቦውም አቅምሻት፣ ግን ዘቢቡ ከየት እንደተገዛ እንዳትነግሪያት።

መልሱን ሰርካለም ትጻፈው፤ አባዬ ሲጽፍም ይዘላል። ሌላውን ሁሉ ብትተዪው ይህችን ብቻ አስጽፊልኝ፤ አባዬ በላ ወይ? ሲያድርስ እንዴት አደረ? «ድገሚልኝ» ብሎሽ እንደሆነ ግን መጻፉንም ተዪው፤ አያ ፋንታሁን ሲመለስ ሁለታችሁም አብራችሁት ኑ። ቤቴ ጠባብ ናት፤ ሐኪም ቤቱ ግን ቅርብ ነው።

ተልባሽ የያዘላት፣
ልጅሽ