የቡሬ አዳር በእኔ ስም ስለ መመዝገቡ

ቀን፦ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለላስታ ተራሮች ዩኒቨርሲቲ
የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ ጽሕፈት ቤት
ላሊበላ

አመልካች፦ ታፈረ ወልደ ሩፋኤል፣ አርሶ አደር
አድራሻ፦ ወይራ አምባ ቀበሌ

ጉዳዩ፦ በጥናታችሁ ካርታ ላይ ከሰው ቤት ሲያድር የታየው እኔ ሳልሆን በሬዬ መሆኑ ተጣርቶ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለባለቤቴ ወላጆች እንዲጻፍልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

ይህን አቤቱታ በገዛ እጄ የጻፍኩት በስምንተኛ ክፍል ትምህርቴ ተማምኜ አይደለም። ላሊበላ ወርጄ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ቀርቤ ነበር። ሰውዬው «ጉዳዩ» የሚለውን ጽፎ ነገሩን ሲሰማ ሳቁ አላስቀጥል አለው፤ ጎረቤቱን ጠራ፣ ጎረቤቱም የባጃጅ ሾፌሮቹን ጠራ። ስለዚህ ወረቀቴን ተቀብዬ ተመለስኩ። የፊደል ግድፈት ቢገኝ ከኀዘኔ ብዛት ነውና ይታለፍልኝ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው እነሣለሁ።

1ኛ/ ባለፈው ሰኔ የዩኒቨርሲቲያችሁ ሰዎች ወደ ቀበሌያችን መጡ። ጥናቱ ከከብት ወደ ሰው፣ ከሰውም ወደ ከብት ስለሚተላለፍ በሽታ፣ ስለምንጠጣው ውሃና ስለምንውልበት መሬት እንደሆነ የቡድኑ መሪ ዶክተር ሪሃና ሀሰን በትሕትና አስረዱን። የሰው ሐኪም፣ የከብት ሐኪምና የውሃ ባለሙያ በአንድ መኪና ተጭነው መምጣታቸው ደስ አሰኘኝ፤ እኛ ዘንድ ሌላ ጊዜ አንዱም አይገኝም። ፈቃደኛ ሆኜ ፈረምኩ። ቁጥሬ ሰባት እንደሆነ፣ ስሜም በምስጢር እንደሚጠበቅ ተነገረኝ።

2ኛ/ መረጃ ሰብሳቢው አቶ እንዳለው በአንገት የምትንጠለጠል፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል መሣሪያ ሰጡኝ። ሰው የት እንደዋለና የት እንዳደረ በሰማይ በኩል ትመዘግባለች፤ የአንገትንና የመንጋጋን እንቅስቃሴም ትለያለች አሉ። ትእዛዙ አንድ ብቻ ነበር፤ ከአንገት እንዳትወልቅ። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ልብ ይበሉልኝ፤ ከማን አንገት እንደሆነ አልተጻፈም።

3ኛ/ መሣሪያዋን አንጠልጥዬ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የነፍስ አባቴን የአባ ኪዳንን መስቀል ልሳለም ጎንበስ ስል ከማተቤ ጋር ተጠላልፋ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አደረገች። አባ መስቀሉን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው፣ «ታፈረ፣ በአንድ አንገት ማተብና ማሽን አብረው አያድሩም፤ አንዱን ምረጥ» አሉኝ። ማተቤን መረጥኩ። ሆኖም ለሳይንሱም አዘንኩለት፤ ቃል ገብቼለት ነበርና። ቤቴ ገብቼ፣ እኔ የምረግጠውን ጭቃ የሚረግጥ፣ እኔ ከምውልበት የሚውል ማን ነው ብዬ ሳስብ፣ ቡሬ የተባለው በሬዬ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያየኛል። አንገቱ ሰፊ ነው፤ ማተብም የለበትም። አሰርኩለት፤ እሱም ቅር አላለውም።

4ኛ/ ይህ ዘዴ በሁሉም በኩል ያስኬድ ነበር፤ መቀናጆ ባይኖር። ክቡርነትዎ ከተማ ያደጉ እንደሆነ ላስረዳ። እኔ ያለኝ አንድ በሬ ነው። ከማዶ የሚኖሩት ወይዘሮ ስሜነሽም ባላቸው ካረፉ ወዲህ የቀራቸው አንድ በሬ ነው፤ ዳለቻ ይባላል። በአንድ በሬ አይታረስምና ሁለቱን እናቀናጃለን። ተራው የእኔ ሲሆን ቡሬም ዳለቻም እኔ ዘንድ ያድራሉ፤ ተራው የሳቸው ሲሆን ሁለቱም ከሳቸው ጋጥ ያድራሉ፤ ያረሰባቸው ያበላቸዋልና። የወይዘሮ ስሜነሽን መሬት የሚያርሰው ወንድማቸው ምሥጋናው ነው። እኔ በሳቸው ተራ በሬዬን አስረክቤ ወደ ቤቴ ነው የምመለሰው። ከአባቶቻችን የወረስነው ሥርዓት ነው፤ እስከ ዛሬ ካርታ ያነሣው ሰው አልነበረም።

5ኛ/ በዚያ የእርሻ ወራት ባለቤቴ ወይዘሮ ባንቺዓለም ደሳለ እቤት አልነበረችም። እህቷ ገለቴ ወልዳ አራስ ልትጠብቅ ወገል ጤና ከተማ ሄዳ፣ የተመለሰችው አቶ እንዳለው መሣሪያዋን ከወሰዱ በኋላ ነው። ሲወስዱም ከቡሬ አንገት ፈትቼ ነው የሰጠኋቸው፤ ቀይና ነጭ ጸጉር ተሰግስጎባት ነበር። ምንድነው ሳይሉኝ በሱሪያቸው ጠርገው ኪሳቸው ከተቷት። ለባንቺዓለምም ስለ መሣሪያዋ አላወራኋትም። ሰው ለሚስቱ የበሬውን አንገት ወሬ አያወራም፤ የሚወራ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

6ኛ/ ኅዳር ላይ ዶክተር ሪሃና ውጤቱን ለሕዝቡ ለማሳወቅ ተመልሰው መጡ። ይህ የሚያስመሰግናቸው ነው፤ ከሳቸው በፊት የመጡ አጥኚዎች ሽንታችንን ይዘው በዚያው ቀርተዋል። በቀበሌው አዳራሽ ጄኔሬተር ተነሥቶ፣ በግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተሰቅሎ ካርታው በራ። ከሰማይ የታየ አገራችን ነው፤ ወንዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ፣ የያንዳንዱ ሰው ቆርቆሮ ሳይቀር ይለያል። ቀጥሎ «ተሳታፊ ቁጥር ሰባት» ተባለና ቀይ ነጥቦች እንደ ኩፍኝ ወጡበት።

የተነገረውን እንዳለ አሰፍራለሁ። ተሳታፊ ቁጥር ሰባት ውሃ የሚጠጣው በቀጥታ ከወንዝ ነው። ቀኑን በአንድ ማሳ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ይውላል፤ ጭንቀት ሊኖርበት ስለሚችል ምክር ያስፈልገዋል። ሰንበትን ሜዳ ላይ ተጋድሞ ያሳልፋል። ማታ ማታ ሲያኝክ ያድራል፤ ይህም ለጨጓራና ለስኳር በሽታ ያጋልጠዋል። በመጨረሻ ዶክተር ሪሃና በቀጭን እንጨት እየጠቆሙ፣ ክፋት ሳያስቡ፣ «ይህ ተሳታፊ ሁለት ቤት ያለው ይመስላል» አሉ።

እንጨቱ ያረፈበት፣ ከወይራው ሥር ያለው አዲስ ቆርቆሮ የወይዘሮ ስሜነሽ መሆኑን በወይራ አምባ የማያውቅ ሕፃን የለም። ስሜን ደብቃችሁ ቤቴን አሳያችሁብኝ፣ ክቡር ሆይ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ «አይ ታፈረ! በዚያ ጭቃ!» ሲሉ ሰማኋቸው፤ በድምፃቸው ውስጥ አድናቆትም ነበረበት። በሬው ነው ልል እጄን ባነሣ ጥያቄ በመጨረሻ ነው ተባልኩ። ተነሥቼ ስቆም ዶክተሯ አዘኑልኝና በድምፅ ማጉያው፣ «አብሽሩ አያ ታፈረ፣ ስምዎ በምስጢር የተጠበቀ ነው» አሉኝ። ጥያቄ ሲፈቀድ ባንቺዓለም ከአዳራሹ ወጥታ ነበር።

7ኛ/ እቤት ስደርስ ልብሷን ስትቋጥር አገኘኋት። እውነቱን ነገርኳት። በሚስቱ ፊት ብዙ ወንድ ብዙ ምክንያት አቅርቧል፤ በበሬ ያሳበበ ግን የመጀመሪያው እኔ መሆኔን ነገረችኝ። ማደሩ እንኳ እንደ ማኘኩ አላስቆጣትም። «እኔ ቤት ጎመኑን ገፋ አድርገህ ትነሣለህ፤ እሷ ምን ብታበላህ ነው ሲያኝኩ ማደር?» አለችኝ። ገለባ ነው ብላት ባሰባት። ያመሰኳል እኮ ብላትም መስማት አልፈለገችም። በዚያው ቀን ወደ አባቷ ቤት፣ ጥድ በር ሄደች። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ይባላል፤ የእኔ በሬ ሳሩን እየበላ ገደል የገባሁት እኔ ነኝ።

8ኛ/ ከዚያ ወዲህ ያላንኳኳሁት በር የለም። ወይዘሮ ስሜነሽ መስቀል ጨብጠው ሊምሉ ተነሡ፤ የሳቸው መሐላ ግን ነገሩን አባባሰው እንጂ አላበረደውም። አባ ኪዳን ተጠይቀው፣ «ምረጥ አልኩት እንጂ ለበሬ እሰር አላልኩትም፤ ያላየሁትን አልመሰክርም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የጤና ሠራተኛዋ በሌሊት መብላት እንድተው ልትመክረኝ ትመላለሳለች። ሽማግሌ ብልክ አማቴ አቶ ደሳለ፣ «በማሽን የመጣን ነገር በአፍ አንመልሰውም፤ ያወጣው መሥሪያ ቤት በማኅተም ያስተባብል» ብለው መለሱብኝ። ልደት ደርሷል። በየዓመቱ ከኮን ከተማ በእግራቸው ወደ ላሊበላ የሚወርዱ እንግዶች ቤታችን አርፈው እግራቸው ታጥቦ ነው የሚያልፉት። ዘንድሮ ጠላው አልተጠነሰሰም፤ ለእንግዶቹ ምን ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም።

ስለሆነም፦

ሀ/ ተሳታፊ ቁጥር ሰባት ቡሬ የተባለ በሬ መሆኑን የሚገልጽ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ለአቶ ደሳለ እንዲጻፍልኝ፤

ለ/ ይህ በቃል ብቻ የማይታመን ከሆነ በመሣሪያዋ ስንጥቅ የቀረው ጸጉር በላቦራቶሪያችሁ እንዲመረመርልኝ። ማወዳደሪያ ካስፈለገ ከቡሬም ከእኔም ለመነቀል ፈቃደኛ ነን፤

ሐ/ ሰንበትን ሜዳ ተጋድሞ ያሳልፋል የተባለው በተለይ እንዲስተካከልልኝ፤ እኔ ሰንበትን ቆሜ ነው የማሳልፈው፤

መ/ በዚህ ምክንያት ዶክተር ሪሃናም ሆኑ አቶ እንዳለው እንዳይነኩብኝ። ጥናቱ መልካም ነው። ስለ ቡሬ የተገኘው ውጤት ሁሉ ትክክል ነው፤ ቢታተምም እሱ አይቃወምም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ይህ ግን ከአቤቱታው ይልቅ ልመና ነው።

የበጋው ዙር ጥናት ተጀምሮ እንደ ፊተኛዋ ያለች ሌላ መሣሪያ ተሰጥታኛለች። አሁን በእኔው አንገት ላይ ነች። አባ ኪዳን ነገሩን አይተው ከማተቤ ዝቅ ብላ በልብሴ ውስጥ እንድትውል ፈቅደውልኛል። ይህ ዙር ሲያልቅ ቀይ ነጥቦቹ ጥድ በር ላይ፣ ከአቶ ደሳለ አጥር በታች ካለው ካብ ዘንድ ተከማችተው ታገኟቸዋላችሁ። ጥድ በር ላይ እርሻም ዘመድም የለኝም። አመሻሽ ላይ ከብት ሲገባ ባንቺዓለም ጥጆቹን ልታስር ትወጣለች። እስክትመለስ ካቡ ላይ እቀመጣለሁ። ሽማግሌ ሳይጨርስ ያማትን ደጅ መርገጥ ነውር ነውና አልገባም፤ እሷም እዚያ መኖሬን አታውቅም። ናፍቃኛለች፣ ክቡር ሆይ። ነጥቦቹን የሚያየው ባለሙያ ጭንቀት አለበት ብሎ ቢጽፍ በዚህ ዙር አልቃወመውም። ማኘክን በተመለከተ ግን ብዙ አያገኝም፤ እህል አልወርድ ብሎኛል።

የፊተኛውን ካርታ በአዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት አሳይታችኋል። ይህኛው ሲደርስ በአዳራሽ አይሁን። ከዚህ በታች በግልባጭ ለጠቀስኳት ለአንድ ሰው ብቻ አሳዩልኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣ ቡሬም ጭምር

ፊርማ
ታፈረ ወልደ ሩፋኤል
(የበጋው ተሳታፊ ቁጥር ሰባት)

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ባንቺዓለም ደሳለ
ጥድ በር
ባለችበት