የእማዬ ስም ከገጹ አይወጣም

ለተከበርከው ወንድሜ ለካሊድ ኑርዬ፣
ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። እንደምን ከርመሃል ወንድምዬ? ጤናህስ? ከረመዳን በፊት ያስቸገረህ የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይ? መስኡዳስ እንዴት ናት? ሪታጅ ጥርሷን መንቀል ጀመረች አሉ፤ እውነት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባባ ደህና ነው፣ እማዬ ደህና ናት፣ ላሟ ደህና ናት፣ ሐይቁም በቦታው አለ። ከናንተ ናፍቆት በስተቀር የጎደለብን የለም ብዬ ደብዳቤውን እንደወጉ እንዳልቀጥል ግን አንድ የጎደለብን ነገር ነበር። የምጽፍልህም ስለሱ ነው።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትል ይሆናል። በድምፅ ብልክልህ ግማሹን ሰምተህ ትዘጋዋለህ፤ አውቅሃለሁ። ሀሚዱ ፈቃዱን ጨርሶ ወደ ጅዳ ስለሚመለስ በእጁ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። ሲያነብ ፊቱን አይተህ ንገረኝም ብዬዋለሁና ፊትህን አስተካክለህ አንብብ።

ባለፈው ጁምዓ የላክኸውን መልእክት ሁላችንም ሰማነው። ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ለእረፍት መጥቼ ነበር፣ የስልኩም ድምፅ ከፍ ብሎ ነበርና አባባም እማዬም አንድ ቃል ሳያመልጣቸው ሰምተዋል። የእማን ስም ኢንተርኔት ላይ እያዝረከረክሽ ነው አሉኝ፣ ዛሬውኑ አጥፊው፣ ሰው ምን ይለናል አልክ። ታላቄ ነህ፤ አክብሬህ ነው ያደግኩት። ግን አላጠፋውም። ይህን ገና ከመነሻው የምጽፍልህ፣ መጨረሻ ላይ ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል ብለህ ተስፋ እያደረግህ እንዳታነብ ነው።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ የሰማኸው ከሰው አፍ ነውና። እንደምታውቀው ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የምማረው ሒሳብ ነው፤ ከዘፈን ጋር ምንም የሚያገናኘኝ የለም። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ መቅዲ ግን የትያትር ተማሪ ናት። አምና በግቢው የባህል ቀን እሷን ልይ ብዬ አዳራሽ ገባሁ። ከመቅዲ ጨዋታ በኋላ አንዲት ልጅ በማሲንቆና በክራር ታጅባ አምባሰል ማዜም ጀመረች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ከወንበሬ ተነሳሁ፤

ከሐይቅ ማዶ ሆኜ ከአርዲቦ በላይ፣
ውሃው ሲረጋልኝ ይታየኛል ሰማይ።

ይህን አንተም ታውቀዋለህ። እማዬ የሽምብራ ማሳ ስታርም፣ ሠርግ ቤትም ሙሽራ ስትሸኝ ትለው የነበረው ነው። ሰማይ የሚለው ላይ ከመድረሷ በፊት ትንፋሽ ወስዳ ሰውን ሁሉ የምታስጠብቅ እሷ ብቻ ናት። ልጅቷም እዚያው ቦታ ላይ ትንፋሽ ወሰደች። ስትወርድ ጠብቄ ከየት አመጣሽው አልኳት። ከትያትር ትምህርት ክፍሉ የድምፅ ስብስብ ነው፣ ባለቤቱ አይታወቅም፣ የሕዝብ ነው አለችኝ።

በማግስቱ ስለ ዩኒቨርሲቲው በኢንተርኔቱ መዝገበ ዕውቀት ላይ የተጻፈውን ከፍቼ አየሁ። ይህ መዝገበ ዕውቀት ማንም ሰው ገብቶ የሚጽፍበትና የሚያርምበት ነው። ስለኛ ግቢ የነበረው ጠቅላላ ሰባት መስመር ነው፤ መቼ ተመሠረተ፣ ስንት ሕንፃ አለው፣ ስንት ሄክታር ላይ ነው። ስለ ጥበባት አንዲት መስመር ብቻ ነበረች። ተማሪዎቹ በየዓመቱ በባህል ቀን «ባለቤቷ ያልታወቀ የአምባሰል ዜማ» ያቀርባሉ ትላለች። ባለቤቷ ያልታወቀ! ባለቤቷ እኮ ሐይቅ ከተማ ቤቷ ቁጭ ብላ ምስር እየለቀመች ነው።

እልህ ያዘኝና ያኔውኑ መጻፍ ጀመርኩ። አሁን ሳስበው እስቃለሁ። ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም ብዬ ከፈትኩት። ቀጥዬ አላህ ዕድሜዋን ያርዝመውና የዚህች ዜማ ባለቤት የተከበረችው እናታችን ናት አልኩ። ከዚያ ዘሯን እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩ። በመጨረሻም ዩኒቨርሲቲውን አላህ ያሳድገው፣ አንባቢውንም ከክፉ ይሰውረው፣ አሚን ብዬ ዘጋሁ። እኛ መች ዱዓ ሳናደርግ ወረቀት ጀምረን እናውቃለን?

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጠፋ። ያጠፋው አሻግሬ የሚባል፣ ያለ ክፍያ በፈቃዱ ገጾቹን የሚጠብቅ ሰው ነው። የት አገር እንዳለ እንኳ አላውቅም። ምክንያቱን ሲጽፍ «ምርቃቱ ደርሶኛል፣ አሜን፤ ነገር ግን ምንጭ የለውም» አለ። ምንጩ የእናቴ ጉሮሮ ነው ብዬ መለስኩለት። እሱም እናትሽ መሆኗን አልጠራጠርም፣ ግን ሌላ ሰው አንብቦ የሚያረጋግጠው የታተመ ነገር አምጪ አለኝ። ሦስት ጊዜ መልሼ ጻፍኩት፣ ሦስት ጊዜ አጠፋው። በአራተኛው ለሁለት ሳምንት እንዳልጽፍ ታገድኩ። ለአባባ በስልክ ታገድኩ ብለው ወንጀል የሠራሁ መስሎት ሽማግሌ ልላክ ወይ አለኝ።

መቅዲ ግን ሳቀችብኝ። እሱን ከመስደብ ቤተ መጻሕፍት ግቢ አለችኝ። ገባሁ። ያንን ሁለት ሳምንት የቆየ የምረቃ መጽሔት፣ የትያትር ማስታወቂያ፣ የተማሪ ጥናት ሳገላብጥ ከረምኩ። ለእማዬ ብዬ ገብቼ ስንቱን አገኘሁ መሰለህ! የመጀመሪያው ትያትር የታየው እህል ማከማቻ በነበረ መጋዘን ውስጥ ነው። የምግብ አዳራሹን ግድግዳ የሳለው ተማሪ ቀለም አልቆበት ግማሹን በሸክላ አፈር ጨርሶታል። ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የመጡ አንድ መሪጌታ ከአንድ የመንዙማ አውጪ ሸህ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ተማሪዎቹን ዜማ አስተምረዋል። እገዳው ሲነሳ ይህን ሁሉ ከነምንጩ ጻፍኩት። አሻግሬ አንድ ቃል አልነካም። እንዲያውም በርቺ አለኝ። ሰባት መስመር የነበረው ገጽ ዛሬ ተነቦ አያልቅም፤ ስለሱ ማንም አልነገረህም አይደል?

አሁን ወዳንተ ልምጣ። በታችኛው መደርደሪያ ላይ አንድ አቧራ የጠጣ ጥናት አገኘሁ። በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት አንድ የግቢያችን መምህር በሐይቅና በአምባሰል እየዞረ ዜማ የሰበሰበበት ነው። ያ ሰውዬ ቤታችን መቅረፀ ድምፅ ይዞ መጥቶ ሾላው ሥር ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ እንደ ሕልም ትዝ ይለኛል። የእማዬ ስንኝ ሰማንያ አራተኛው ገጽ ላይ አለ። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል እንዲህ ይላል፤ «ዜማውን የሰጡን እናት በፈቃድ ወረቀቱ ላይ ስማቸውን አስመዝግበው አሻራቸውን አኑረዋል፤ በኋላ ግን በበኩር ልጃቸው ጥያቄ ስማቸው እንዲቀር ተደርጓል።»

በኩር ልጃቸው አንተ ነህ ካሊድ። ደጋግሜ አነበብኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ በዚያች ሰዓት ጠላሁህ።

ለምን እንዳደረግኸው ይገባኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች የአዝማሪዋ ልጅ እያሉ ያበሽቁህ እንደነበር አባባ ነግሮኛል። ልትሰደድ ሻንጣህን አዘጋጅተህ ነበር፤ ከኋላህ ሐሜት ትተህ መሄድ አልፈለግክም። ይህን ሁሉ አስቤ ላዝንልህም ሞክሬያለሁ። ነገር ግን ሰውዬውን አጥር ድረስ ተከትለህ ስሟን ስታስፍቅ እሷን ጠይቀሃታል? አልጠየቅካትም።

ቤት መጥቼ ነገርኳቸው። አባባ ተይ ልጄ፣ ከወንድምሽ ጋር አታጣይኝ አለ። እማዬ ሽንኩርት ስትኮተኩት ነበር፤ መኮትኮቻውን አስቀምጣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ወላሂ እኔኮ ዘፈኔ አልረባው ብሎ የተወው ነበር የመሰለኝ አለችኝ። ስሜን ከነአባቴ ነግሬው፣ ጣቴንም በቀለም ነክሬ ሰጥቼው ነበር። ጥናቱ ወጣ ሲባል የጎረቤት ልጅ ባስነብብ ስሜ የለም አለኝ። የሌሎቹ ሁሉ አለ፣ የኔ የለም። እንዲህ ከሆነማ ከእንግዲህ ሰው ፊት አፌን አልከፍትም ብዬ ተውኩት አለች።

ሰማህ ወይ? ከዚያ ወዲህ ሠርግ ቤት ስትጠራ ጉሮሮዬን አሞኛል የምትለው ለዚህ ነው። እኛ ዕድሜዋ ገፍቶ ነው፣ ዲኗን አጥብቃ ነው ስንል ኖርን። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አልረባሁም እያለች ነው የኖረችው፤ ያንተን ሥራ የራሷ ጉድለት አድርጋ።

ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኳት። መጀመሪያ እኔም ሳልጠይቃት ጽፌ ነበር፤ አሁን ግን እንዳንተ ሳልጠይቅ አላደርግም። እጇን አራግፋ ተነሳችና፣ በይ ያን አስተማሪ አሳዪኝ አለች። ከልጄ ጋር አታጣይኝ ያለው አባባ በማግስቱ ጃኬቱን ለብሶ ከኛ ቀድሞ መናኸሪያ ተገኘ።

መምህሩ ፀጉሩ ሸብቷል። እማዬን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። የፈቃድ ወረቀቷን አልጣለውም ነበር፤ ከሳጥን አውጥቶ አሻራዋን አሳያት። የቤቱ ወንድ ልጅ አጥር ድረስ ተከትሎ ሲለኝ እሺ አልኩ፣ እርስዎን ግን መጠየቅ ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አላት። እማዬ አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ግን አሁን ጻፍ አለችው። ጻፈ። የትምህርት ክፍሉ በሚያሳትመው መጽሔት ላይ ከፈቃድ ወረቀቱ ፎቶ ጋር እርማቱ ወጣ። እኔም መጽሔቱን ለአሻግሬ አሳየሁት፤ ልጇ መሆኔንም ደግሜ ነገርኩት። እንግዲያው አንቺ አትጻፊ፣ እኔ እጽፈዋለሁ አለና «ባለቤቷ ያልታወቀ» የሚለውን በገዛ እጁ ሰርዞ ስሟን ከነአባቷ አሰፈረ። ስለዚህ አጥፊው ስትለኝ ገና ከመነሻው ሰው ተሳስተሃል።

ሰው ምን ይለናል ላልከው፣ ሰዉ ያለውን ልንገርህ። ገበያ ላይ ሴቶቹ ማሻ አላህ እያሉ እጇን ይስማሉ። ያሙም አሉ፤ ይሙ። ሀራም ነው ካልክ ደግሞ ደውልና ከራሷ ጋር ተነጋገር፤ ሶላቷን ካንተ ቀድማ የምትሰግድ ናት። ቤታችንን ቆርቆሮ ያለበስክ አንተ ነህ፤ አላህ ይስጥህ፣ አንረሳውም። ስሟ ግን ካንተ የተሰጣት አይደለምና ልትወስድባት አትችልም።

ማክሰኞ ዕለት ማሳው ውስጥ ድምፅዋን ሰማሁ። ሻክሯል፣ ከፍታው ላይም ይሰበራል። አባባ በሬዎቹን አቁሞ ሰማት። እኔ አለቀስኩ፤ ይህን ሀሚዱም ይስማ፣ ግድ የለኝም።

አሁንም ይጥፋ ካልክ መንገዱ ክፍት ነው። ገጹን ማንም ማረም ይችላል፤ ግባና ሰርዘው። ነገር ግን እዚያ ስትሰርዝ ማን እንደሰረዘ፣ በስንት ሰዓት፣ የቱን ቃል እንደሆነ ይመዘገባል፤ ለዘላለምም ይታያል። እንደ አጥር ሥር ሹክሹክታ አይደለም። አሻግሬም፣ እኔም፣ መቅዲም መልሰን እንጽፈዋለን።

በል ወንድምዬ፣ ተቆጥቼ ጻፍኩ እንጂ እንደምወድህ ታውቃለህ። መስኡዳን በጣም ሰላም በልልኝ፤ የላከችው ሻርፕ ደርሶኛል፣ አምሮብኛል። ሪታጅን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ አያትሽ ማን ትባላለች ብለው ትምህርት ቤት ሲጠይቋት ዝም እንዳትል አስተምራት። አባባ ወገብህን በሙቅ ውሃ ታሸው፣ ስትደውልም ቀስ ብለህ ተናገር ብሎሃል። መቅዲ ባታውቅህም ሰላም ብላሃለች።

እናትህም ሰላም ብላሃለች ብዬ ልጽፍ ስል አጠገቤ ተቀምጣ ነበርና አስቆመችኝ። እንደዚያ አትበይ፣ እናትህ ዙለይሃ ሙሐዲን በጣም ሰላም ብላሃለች በዪ፣ ሙሉውን ጻፊ አለችኝ።

እህትህ ኢንሳፍ ኑርዬ
ሐይቅ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.