አንተ የሞላኸው ሰዓት

ውድ ካፒቴኔ፣

መርዶህ የመጣ ዕለት ክፍልህን እየጠረግሁ ነበር። ጠረጴዛህ ላይ ከደረደርካቸው የድሮ የጦር አውሮፕላን አብራሪዎች ሰዓቶች አንዱ ብቻ ይሄድ ነበር፤ ያ ፊቱ ጥቁር የሆነው፣ ብርቅ ነው እያልክ በየአሮጌ ዕቃ ተራው ስትፈልገው የኖርከው። ግሪስ እንዳይነካው ሥራ ቦታ አታደርገውም። ጠዋት ሞልተኸው ወደ ጋራዥ ሄድክ። ከዚያ አለቃህ ደወለ።

"እናቴ፣ አጠገብዎ ሰው አለ?" አለኝ።

መኪና ሥር ገብተህ ስትሠራ ክሪኩ ከድቶህ መኪናው እንደወደቀብህ የነገሩኝ በኋላ ነው።

ካፒቴን ያልንህ ለቀልድ ነበር። አውሮፕላን ተሳፍረህ አታውቅም፤ አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ ስትወጣ እንኳ ጉልበትህ ይንቀጠቀጣል። "ታዲያ የአብራሪ ሰዓት ምን ያደርግልሃል?" ስልህ፣ "እማ፣ እሱ ይብረር፤ እኔ መሬት ላይ ሆኜ እጠብቀዋለሁ" ትለኝ ነበር። መሙያው ትልቅ የሆነው በጓንት እንዲያዝ፣ ማሰሪያው የረዘመው ከጃኬት በላይ እንዲታሰር ነው ብለህ ነግረኸኛል። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ "እሺ፣ እሺ" እልሃለሁ።

አንዴ ከተሞላ እስከ ማግስቱ እንደሚሄድ ግን ሰምቼህ ነበር። ስለዚህ ቤቱ በለቀስተኛ ሲሞላ ሰዓቱን በመሐረብ ጠቅልዬ ጉያዬ ከተትኩት። የሚያስኬደው የጣትህ ጉልበት ነው። አንተ አስከሬን ክፍል ተኝተህ ጉልበትህ እኔ ጋ ይሠራል።

እህትህ "እማ፣ እንዳይቆም ልሙላው?" አለችኝ።

"ተይው፤ እሱ የሞላው እስኪያልቅ ይሂድ" አልኳት። አንተ ስታልፍ አልነበርኩም። ይህ ሲያልቅ እንኳ አጠገቡ ልሁን ብዬ ነው።

በማግስቱ ከቀብር ስንመለስ ወዳጅህ ሰዓት ሠሪው አጠገቤ ተቀመጠ። ሰዓቱን ከጉያዬ አውጥቼ ሳዳምጠው አይቶ "እትዬ፣ እስቲ ልየው" አለኝ፤ ሰጠሁት። እያለቀሰ መስታወቱን በእጅጌው ጠረገው። ከዚያ ጣቶቹ ሳያስበው መሙያውን ያዙ። ክርር፣ ክርር። የዕድሜ ልክ ልማድ ነው፤ እጁ እንዲህ ያለ ሰዓት ይዞ መቀመጥ አያውቅም። ልቀማው እጄን ስዘረጋ ሞልቶ ጨርሶ ነበር።

"ይኸው፣ እስከ ነገ ይሄድልዎታል" ብሎ መለሰልኝ። ሊያጽናናኝ ነው። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት።

ያን ሌሊት ጆሮዬ ላይ አድርጌው የቱ የአንተ፣ የቱ የእሱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። በነጋታው ደግሞ ለቀስተኛ በር ድረስ ሸኝቼ ስመለስ ቆሞ አገኘሁት። አሁንም አልደረስኩም፣ ልጄ። ልሙላው ብዬ አነሳዋለሁ፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እጄ ምን እንደሚያደርግልህ አያውቅም።

እናትህ

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ልጄን አታውቁትም። ከፍታ የሚፈራ ልጅ ነበር። በጸሎታችሁ አስቡልኝ፤ የሄደበት ከፍ ያለ ከሆነ የሚይዘው እጅ እንዲያገኝ።