ከአውቶቡሱ መውረድ ያልተፈቀደላቸው የአጎታችን የሕይወት ታሪክ

አጎታችን ከመካኒክ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው፣ ዛሬ ጦርነቱ ካሰመረው መስመር ማዶ በቀረችው ከተማ፣ ከክር ፋብሪካው ጀርባ ባለው የሠራተኞች ሰፈር ተወለዱ። እናታቸው ጡት ሳያስጥሏቸው ስላረፉ ያሳደጓቸው ታላቅ እኅታቸው ናቸው። አክስታችን ያኔ ራሳቸውም ልጅ ነበሩ። አዝለዋቸው ውሃ ቀድተዋል፣ አዝለዋቸው ገበያ ወጥተዋል። አጎታችን ካደጉም በኋላ "እኔ መራመድ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ የእትዬ ጀርባ እያለ ምን አስቸኮለኝ!" እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሳቸውም "መሪ ያዝኩ" ብለው ይዘሉት ስለነበር እኛም እንዝለለው። መንጃ ፈቃድ ያስወጡላቸው አክስታችን ናቸው፤ በክር ፋብሪካው ቀኑን ሙሉ ቆመው እየሠሩ። በሃያ ሁለት ዓመታቸው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ሆነው ወደዚህች ከተማ ተዛወሩ። እዚሁ ልብስ ሰፊዋን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ሹፌሮች "ጋሽ ቀስ" ይሏቸው ነበር፤ ተሳፋሪ ቢጮህ፣ ረዳት ቢነጫነጭ፣ ከሚነዱበት ፍጥነት ንቅንቅ አይሉም።

ጦርነቱ ሲነሣ እሳቸው እዚህ፣ እኅታቸው እዚያ ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ነኝና ይህን እንድጽፍ ቤተሰቡ ሲመርጠኝ "አደራ፣ ፖለቲካ እንዳታስገቢበት" ተብያለሁ። አላስገባም። የማስገባው አውቶቡስ ብቻ ነው።

የሰላም ስምምነቱ እጅግ ሩቅ በሆነ ሆቴል ተፈረመ፤ እኛም እልል አልን። "የተለያዩ ቤተሰቦች በአጭር ጊዜ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ዝርዝሩን የጋራ ኮሚቴ ይወስናል" የሚል አንቀጽ ነበረው። ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ የማን ስም ይቅደም በሚለው ተጣልቶ ተበተነ፤ ደግሞ ተሰበሰበ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በመጨረሻ ስምምነቱን ሊጠብቁ ከውጭ የመጡት ሰላም አስከባሪዎች "ለጊዜው" ብለው በወር አንድ ቅዳሜ ሰው የሚያመላልስ ነጭ አውቶቡስ መደቡ፤ ያ ለጊዜው የተባለው ዐሥራ አንድ ዓመት ቆየ። መንገዱን የሚያውቅ ሹፌር ሲፈለግ አጎታችን ከሁሉ ቀድመው ተመዘገቡ። እኅቴን ላገኝ ነው ብለው ነዋ!

የተቀጠሩ ዕለት ደንቡ ተነበበላቸው። የሰላም አስከባሪው ተልእኮ ሠራተኛ ገለልተኛ መሆን ስላለበት እሱም ሆነ ቤተሰቡ በአውቶቡሱ ሄደው ዘመድ መጠየቅ አይችሉም። ሹፌሩ ከመስመሩ ማዶ ከመሪው አይነሣም፣ መስኮትም አይከፍትም። አጎታችን ግን "በመስታወትም ቢሆን አያታለሁ" ብለው ፈረሙ። እውነትም አዩዋቸው። አክስታችን በየወሩ መጥተው ከፌርማታው አጥር ሥር ይቆማሉ። ሌላው ሰው ወርዶ ይተቃቀፋል፣ ይላቀሳል፤ አጎታችን መሪያቸውን ጨብጠው ይቀመጣሉ። በጠራራ ፀሐይ ዝናብ መጥረጊያውን እያወዛወዙ ሰላም ይሏቸው ነበር። አጃቢው መኮንን ምን ሆነው ነው ሲላቸው "አቧራ ነው" ይሉታል። አክስታችን በተሳፋሪ አፍ መልስ ይልካሉ፦ "ፀጉርህን ምን በላው በሉልኝ! ደግሞስ ምነው ከሳ? ሚስቱ አታበላውም እንዴ?" አጎታችን መልእክቱን ሲሰሙ ይስቁ ነበር፤ አንጀት እያረረ ጥርስ ይስቃል እንዲሉ።

አቤት አላሉም እንዳይባል፣ ብለዋል። የሰላም አስከባሪዎቹ አዛዥ በየስድስት ወሩ ይቀየራል። አንዱ ሰምቶ፣ አዝኖ፣ ለበላይ ጽፎ፣ "ጉዳዩ እየታየ ነው" የሚል መልስ ሲመጣለት መሄጃው ይደርሳል። ተተኪው ደግሞ "ስምዎን ማን ልበል?" ብሎ ከሀ ይጀምራል። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ ረግመናቸው ይወጣልን ነበር።

በዘጠነኛው ዓመት ታጣቂዎች ኬላው ላይ አውቶቡሱን አስቁመው፣ እጮኛውን ሊጠይቅ ይሄድ የነበረውን የአናጺውን ልጅ አወረዱት። አጃቢዎቹ ሰላም አስከባሪዎች መሣሪያ ታጥቀዋል፤ የታዘዙት ግን አይተው ሪፖርት እንዲያደርጉ ብቻ ነው። አጎታችን ወደ ልጁ እያመለከቱ መኮንኑን "በፈጠረህ! በእናትህ!" አሉት። መኮንኑ ዐይኑ እንባ አቅርሮ "ሥልጣን የለኝም" አላቸው። ከሳምንት በኋላ "ሁለቱም ወገኖች ከትንኮሳ እንዲቆጠቡ" የሚል መግለጫ ወጣ። ጋሽ ቀስ ሲጮኹ የሰማኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው፦ "ሁለቱም ወገን ማን ነው? አንዱ ታጣቂው፣ ሌላው የኔ አውቶቡስ ነው?" ልጁ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። አባቱ አናጺው እዚሁ መካከላችን ቆመዋል።

ባለቤታቸው "አንተ ሰው ታገናኛለህ፣ አንተን ማን ያገናኝህ? ተወውና እንደ ሰው ተሳፈር!" አሏቸው። ተስማሙ። ሆኖም ተተኪ ሹፌር የሚቀጠረው ሁለቱም ወገኖች ሲያጸድቁት ነው ተባለ። እሳቸው ቢተዉት አውቶቡሱ ሊቆም፣ የሌላውም ሰው ዘመድ ሊቀር ሆነ። ሁለት ዓመት ጠበቁ። በስድሳ ዓመታቸው ሥራውን አስረክበው በተሳፋሪነት ተመዘገቡ፤ ተራም ደረሳቸው። በአንዲት ጎረቤት አፍ ለአክስታችን "በሚመጣው ወር እወርዳለሁ፤ ቤትሽ ገብቼ ነው የምቀመጠው" ብለው ላኩ። ባለቤታቸው አዲስ ሸሚዝ ሰፉላቸው። በዚያ ሰሞን እንደ ልጅ ያደርጋቸው ነበር፤ ምግብም አይበሉም፣ እንቅልፍም የላቸውም።

ያ ቅዳሜ ሳይደርስ፣ ሰላም አስከባሪዎቹን የላከው፣ ሩቅ ያለው ምክር ቤት የተልእኮውን ዘመን ለማራዘም ሳይስማማ ቀረ። ሰላም አስከባሪዎቹ ድንኳናቸውን ነቅለው፣ ጄኔሬተራቸውን ጭነው ሄዱ። ከእጅ አይሻል ዶማ እያልን እናማቸው ነበር፤ ሲሄዱ ግን ኬላው ተዘጋ፣ አውቶቡሱም ግቢ ውስጥ ጎማው ተንፍሶ ቀረ። በጦርነቱ የተቆረጠው የስልክ መስመርም "ወደፊት ይቀጠላል" እንደተባለ ነው። አክስታችን ያን ቅዳሜ ቤታቸውን አሰናድተው፣ ወጥተው ሲጠብቁ ውለው ይሆናል። አጎታችንን የበላቸው ይህ ሐሳብ ነው። "ዋሸኋት፣ ዋሽቶኛል ትላለች" ይሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በኖሩባቸው አራት ዓመታት ኩላሊታቸው ታሞ በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ሆስፒታል ተኝተውም የሚጠይቁት ስለ መንገዱ ነበር። ታላቋ ልጃቸው "ሊከፈት ነው እየተባለ ነው፣ አባዬ" ትላቸዋለች፤ ላም አለኝ በሰማይ። ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ በተወለዱ በስድሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና እኛ የወንድማቸው ልጆች እዚህ ቆመን እያለቀስን ነው። አክስታችን ግን አልተረዱም። ከማክሰኞ ጀምሮ ያላንኳኳነው ቢሮ የለም። እዚህ ያሉት "ከዚያ ወገን ፈቃድ አምጡ" ይሉናል፤ ወደዚያ ወገን የሚያደርሰን መንገድ ደግሞ የተዘጋው ራሱ ነው። ሐዘኑ ከሁላችንም በላይ የሳቸው ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ ወንድማቸው በሕይወት እንዳለ አስበው ውለዋል።

እንግዲህ ከእናንተ መካከል በምንም መንገድ ወደዚያ የሚያልፍ ቢኖር፣ ከክር ፋብሪካው ጀርባ ጠይቆ ያገኛቸዋል። አደራ፣ መንገድ ላይ አትንገሯቸው። ቤት አስገብታችሁ፣ ጎረቤት ጠርታችሁ፣ አስቀምጣችሁ ንገሯቸው። ወንድማቸው ያን ቅዳሜ ያልመጡት ሳይፈልጉ ቀርተው እንዳልሆነም ጨምሩላቸው።

ፈጣሪ የአጎታችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበልልን። ለአክስታችንም፣ እኛ ደርሰን እስክናረዳቸው ድረስ፣ ዕድሜ ይስጥልን።