አጥቶ የሚመለሰው

ሰኞ

ጁስ ቤት አይሆንም! ዛሬ ከወልድያ መናኸሪያ ጀምሬ ስቆጥር ዘጠኝ ደረሱ። ሦስቱ ጎን ለጎን ናቸው። የአንደኛው ባለቤት በር ላይ ተቀምጣ የራሷን ማንጎ ትጠጣለች፤ ሌላ ጠጪ የለማ።

አሠሪዬ እትዬ አልማዝ የልብስ ስፌት ቤታቸውን ዘግተው ደሴ ሊገቡ ነው። ስድስት ዓመት ሰፋሁላቸው። መሰናበቻ ብለው አሮጌዋን የስፌት መኪና ሰጡኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። ከእሷና ከሁለት ልጆቼ በቀር ምንም የለኝም።

የቀሩት የንግድ ሐሳቦች፦ ዶሮ (እፈራለሁ)፣ የሞባይል ዕቃ (አላውቅበትም)፣ ቡቲክ።

ማክሰኞ

ወንድሜ ብሩክ ቡቲክ በሚለው ጸንቷል። «አንቺ ብቻ ክፈቺ፣ ሰው ይመጣል» ይላል። እሱ ራሱ ልብሱን የሚገዛው ደሴ ሄዶ ነው! ሱቅም አግኝቶልኛል። አከራዩ እስከ እሑድ መልስ ይፈልጋሉ። ከተሳሳትኩ መኪናዋንም ሸጬ ነው የምቀመጠው።

ነገ መርሳ፣ አክስቴ ዘንድ።

ረቡዕ

አክስቴ ሰዓዳ መርሳ መንገድ ዳር ለተሳፋሪ ፓፓያ ይሸጣሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ አምስት ልጅ ግን በዚህ አሳድገዋል። ሲሠሩ ማየት እንዴት ደስ ይላል! አውቶቡሱ ሳይቆም የትኛው መስኮት እንደሚከፈት ያውቃሉ።

ምን ልነግድ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔማ ምን አውቄ! ነገ እዚህ አጠገብ ግራና ከተማ ገበያ ነው፤ ፓፓያ ልገዛ እሄዳለሁ። አብረሽኝ ነይና መውጫው ላይ ቁጭ በይ። የሚገዛውን አትይ፤ እሱንማ ሁሉም ያየዋል። የመጣበትን አጥቶ የሚመለሰውን እይ። ጠይቂውም።»

ሐሙስ

ከጠዋት ጀምሮ ግራና፣ ድንጋይ ላይ። መጀመሪያ አፈርኩ።

«አባባ፣ ምን ፈልገው አጡ?» አልኳቸው አንድ ሽማግሌን።

«አንቺ ደሞ ማነሽ? ከቀበሌ ነሽ?»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሳቸውም ሳቁና ፌስታላቸውን ከፈቱልኝ፤ ዚፑ የተበላሸ ጃኬት። ገበያው ውስጥ ያለው ልብስ ሰፊ አዲስ እንጂ አሮጌ አልነካም ብሏቸዋል። ቀጥሎ አንዲት እናት፣ ማንገቻው የተበጠሰ የተማሪ ቦርሳ ይዛ። ከዚያ ጃንጥላ። ከዚያ እንደገና ዚፕ። ሁሉም እንዳመጡት ይዘውት ተመለሱ።

የእኛስ ስፌት ቤት? በራችን ላይ «ጥገና አንቀበልም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ያዘዙት እትዬ አልማዝ ናቸው፤ የጻፍኩት ግን እኔ። በቀይ፤ ከሥሩም ሁለቴ አስምሬበታለሁ። እኛ ሰፊዎች ዚፕ መቀየር የሚያዋርደን ይመስለናል።

እሑድ

ለአከራዩ ሱቁ ይቅርብኝ አልኳቸው፤ ግራና ገበያ ሄጄ ጥገና ልሞክር ነው። ብሩክ ተቆጣ። «ስድስት ዓመት ሰፍተሽ ሰፍተሽ፣ አሁን እራፊ ልትጥፊ?» የዛሬን ቀን ግን ዚፕ በየቀለሙ ሳሰባስብ ዋልኩ። ፈርቻለሁ።

ሐሙስ

የስፌት መኪናዬ እስከ መርሳ በሚኒባስ ጣሪያ፣ ከመርሳ በባጃጅ ግራና ደረሰች። አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም አልመጣም። ላለቅስ ትንሽ ሲቀረኝ ባለ ጃኬቱ ሽማግሌ ብቅ አሉ። «ቀበሌዋ፣ መጣሽልን!» ከዚያ በኋላ ቀና ያልኩት ወገቤን ሲያመኝ ነው። ሰው ተሰልፏል።

ከሰልፉ መጨረሻ አክስቴ ሰዓዳ። ቅደሙ ብላቸው፣ «ተራዬን እጠብቃለሁ» አሉ። ሲደርሱ ወገባቸው ላይ የሚያስሯትን ቦርሳ ፈትተው ሰጡኝ። ዚፕ የላትም፤ በመርፌ ቁልፍ ነው የተያያዘችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?»

«ዓመት አልፏታል። ወልድያ ድረስ ይዤላችሁ መጥቼ ነበር፤ አንቺ አልነበርሽም። አልማዝ የበሩን ወረቀት አነበበችልኝ።»

ፊቴ ጋለ። «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽማ ትሰፊልኝ ነበር። የእኔን ብቻ።»

እንዲህ ያለ ሰው! ዓመት ሙሉ በመርፌ ቁልፍ ሲነግዱ ኖረው፣ መልሱንም እያወቁ፣ ራሴ እንዳገኘው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ለቦርሳዋ አዲስ ዚፕ ገጠምኩላት። ሦስቴ ከፍተው ዘጓትና «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወደ ፓፓያቸው ሄዱ።

ይዋጣልኝ አይዋጣልኝ ገና አላውቅም። ዛሬ ሳላደርስላቸው የተመለሱ አራት ሰዎች አሉ። ስማቸውን ጽፌያለሁ፤ በመጪው ገበያ ከሁሉ በፊት የእነሱን።