ገመድ የምቆርጥበት ቢላዋ

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ
ጭድ ተራ እንደ ወትሮው። አቧራ፣ የአይሱዙ ጥሩምባ፣ "ዞር በሉ!" የሚል ተሸካሚ። ጠዋት ገመድ ሸጥኩ፣ ከሰዓት ጆንያ። አንዱ ገዢ የገመዱን ጫፍ ይዞልኝ በክንዴ ስለካ "ክንድሽ አጥሯል" ብሎ አላገጠብኝ። ጥቅሉን ፊቱ ላይ ወረወርኩት። አፍንጫው ደማ። ይበለው!

ልዘጋ ስል ጎረቤቴ ሐጀራ መጣች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሸዋዬ... ካሳ ተፈትቷል።"

ካሳ። ወንድሜን ኢዩኤልን በጭነት ወረፋ ጠብ ጭንቅላቱን በብረት ብሎ የገደለው። እዚሁ፣ ሱቄ ፊት፣ እኔ በሌለሁበት ቀን። የዚያን ጊዜ አላለቀስኩም። ዛሬም እንባ የለም።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ
መጣ! ሌላ ሥራ አጥቶ ነው? እዚያው ፊት ለፊቴ መኪና ላይ ጤፍ ይጭናል። ከስቷል። ቀኑን ሙሉ አንገቱን ሳይ ዋልኩ። ገመድ የምቆርጥበት ቢላዋ ከእጄ አልወጣም። ከጆሮው በታች... አንዴ። በቃ። ደሙ ጆንያው ላይ ሲፈስ ታየኝና ደስ አለኝ። ምን ሆኛለሁ?

ግንቦት 10፣ እሑድ
ተክለ ሃይማኖት፣ ንስሐ አባቴ አባ ኃይለየሱስ ዘንድ።

"ምን አደረግሽ?"

"ምንም አባ። ልገድለው ነው እንጂ።"

አልደነገጡም። "በይ ሐሳቡን ንገሪኝ። እንዴት ነው የሚመጣው?"

ይሄም ይጠየቃል እንዴ? ነገርኳቸው። አንገቱን፣ ደሙን፣ ደስታዬን ሳይቀር።

የጥንት የበረሃ አባቶች ሰው እጁን እስኪያነሳ አይጠብቁም ነበር አሉኝ። ሐሳቡን ገና በር ላይ ሳለ ነው የሚይዙት። "መምጣቱ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ወንበር ሰጥተሽ ካጫወትሽው ግን ቤትሽን ይወርስብሻል። ሲመጣ በስሙ ጥሪው፣ 'ቁጣ ነህ' በይው። ከዚያ በጸሎት ምቺው።"

ምቺው አሉ። እሱስ ይገባኛል።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ
በስሙ እጠራዋለሁ። እመታለሁ። ጠላት ላይ የሚደገመውን ጸሎት ነው የመረጥኩት፣ አጥንት የሚሰብረውን... ካሳን እያየሁ፣ እሱ ኩንታል ባነሳ ቁጥር እደግማለሁ።

ግንቦት 15፣ ዓርብ
ሠራ! ካሳ ከነኩንታሉ ከመኪናው ላይ ወደቀ። ግንባሩ ተተረተረ፣ ደም በደም ሆነ። ሳቅሁ፣ ጮክ ብዬ! ሐጀራ ሻሿን ፈትታ ግንባሩን አሰረችለት። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ጅብ ሆንሽ እንዴ?" አለችኝ። ትበል።

ግንቦት 17፣ እሑድ
ለአባ በኩራት ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

"ማንን ነው የመታሽው?"

"ካሳን ነዋ!"

"እኔ ካሳን ምቺ አልኩሽ? ሐሳቡን ነው ያልኩሽ! ቁጣ የተሰጠሽ ያንን ሌባ ሐሳብ እንድታባርሪበት ነው። አንቺ ሌባውን እልፍኝ አስቀምጠሽ ሰውየውን ትወግሪያለሽ!"

በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን... ስቄ ምን አገኘሁ? ኢዩኤል ተመለሰልኝ?

ግንቦት 20፣ ረቡዕ
ካሳ ከነፋሻው መጣ። ቀጥ ብሎ ወደ ሱቄ። "እትዬ ሸዋ..."

ቢላዋውን አነሳሁ። እግሬ በራሱ ሄደ። አልሸሸም፣ ዓይኑን ጨፈነ። ያ ሐሳብ "አሁን! በይው!" አለኝ። በማን ድምፅ? በኢዩኤል! ወንድሜ እኮ ዕድሜውን ሙሉ "ተይ ሸዋ" ሲለኝ ነው የኖረው። የሐሳቡን ሌባነት ያኔ አወቅሁ።

"ውጣ! አንተ ሌባ፣ ውጣ ከቤቴ!" የጆንያውን ክምር ወጋሁ፣ ደግሜ ወጋሁ፣ ዘነጣጠልኩት። እጄንም ቆረጥኩ። ተራው በሙሉ ቆሞ ያየኛል። ካሳ እሱን ያልኩት መስሎት ሄደ። ደሜን ጠርጌ ሱቁን ዘጋሁ።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ
ካሳ ተመለሰ። ራቅ ብሎ ቆመ። "ይቅርታ ልልሽ ነበር። ካልፈለግሽም ገመድ ልግዛና ልሂድ።"

የገመዱን ጫፍ ሰጠሁት። ለማንም ገዢ እንደማደርገው። ወጠረልኝ፣ በክንዴ መለካት ጀመርኩ። እየለካሁ ወደ እሱ እቀርባለሁ... ጫፉን አልለቀቀም። ሐሳቡም መጣ። "አውቄሃለሁ፣ ቁጣ ነህ" አልኩት፣ በሆዴ። ወንበር አልሰጠሁትም። ቢላዋውን አነሳሁና ገመዱን ቆረጥኩ።

ከዚያ ከአፌ ወጣ። "ኢዩኤል... ሲሞት ምን አለ?"

ካሳ መሬት መሬት አየ። "'ለሸዋ እንዳትነግሯት፣ ትደነግጣለች' አለ።"

ይቅር አልኩት? እንጃ። "ሂድ" ነው ያልኩት። ሄደ። የተዘነጣጠለው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ሐጀራ ሮጣ መጥታ፣ "ምን አደረገሽ? ምን አለሽ?" ትለኛለች። ሻሿን ፈትታ ሰጠችኝ። ወንድሜን ገና ዛሬ አለቀስኩት።