አንድ ገጽ ይገለጥልን፦ በመስታወት ሣጥን ስለተቆለፈው መጽሐፋችን

ዮኤልቪስ ወንድሜ፣ እንዴት አደርክ? ይህን ደብዳቤ ለመንግሥት ቢሮ ስለምልከው መጀመሪያ አንተ እንድታየው ፈልጌ ነው። «ስትናደድ ዓረፍተ ነገርህ ይረዝማል፤ ነጥብ ፈልግለት» ትለኝ ነበር፤ እየፈለግኩለት ነው። ከሞትክ ወዲህ ሸሚዞችህን የምለብሰው እኔ ነኝ። እጅጌያቸው አሁንም ይረዝምብኛል፤ አትቆጣኝ። መጽሐፉን ግን እኔ አልጣልኩትም፤ ወስደውብን ነው። ትንሽ ታገሠኝና ከኃላፊው ጋር ላውራ።

ለክቡር ጓድ ኢራስሞ ባልቦአ፣
በከተማችን የባህል ጽሕፈት ቤት የመጻሕፍት ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ከተማው ሁሉ ሲጨልም እንኳ ሥራውን ለማያቋርጠው የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። ሌዲየር እባላለሁ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው የሲጋር ፋብሪካ አንባቢ የነበረውና በዝናቡ ማብቂያ ላይ በዴንጊ ትኩሳት የሞተው የዮኤልቪስ ታናሽ ወንድም ነኝ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤታችን ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ለቀብሩ የላኩት የአበባ ጉንጉን በማግሥቱ ደርሶናል፤ ሳይጠወልግ በመድረሱ እናመሰግናለን።

እርስዎ ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑ ዘንግተውት ከሆነ፣ በፋብሪካችን ሠራተኞቹ የትምባሆ ቅጠል ሲጠቀልሉ አንባቢው ከፍ ባለች ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠዋት ጋዜጣ፣ ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ ያነብላቸዋል። መጽሐፉን የሚመርጡት ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው። ወንድሜ ከቤተ መጻሕፍቱ አዳዲስ የገቡትን ተሸክሞ ይመጣና አንዱ ልብ ወለድ፣ አንዱ ታሪክ፣ አንዱ ስለ ከዋክብት ወይም ስለ ዓሣ መሆኑን ይነግራቸዋል፤ ከዚያ እጅ አውጥተው ይመርጣሉ። የተነበበላቸውን ሲወዱ የቅጠል መቁረጫቸውን ጠረጴዛው ላይ ያንኳኳሉ፤ ሲጠሉ ወለሉ ላይ ይጥሉታል። እርስዎ ባለፈው ዓመት ያደረጉት ንግግር በፋብሪካው ሲነበብ የተሰማው ድምፅ፣ ክቡር ሆይ፣ ጭብጨባ አልነበረም።

ወንድሜ ሲሞት እየተነበበ የነበረው ልብ ወለድ የመርከብ ካፒቴን በመርዝ ገድላለች ተብላ ስለተከሰሰች ወጥ ሠሪ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ትኩሳቱን ደብቆን ሲያነብ ከርሞ፣ ዐርብ ዕለት ዳኛው ፍርድ ሊሰጥ ከመቀመጫው የተነሣበት ቦታ ላይ አቆመ። ቅዳሜ ሆስፒታል ገባ። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ «እንዲያው ለእኔ ብቻ ንገረኝ፤ ይፈረድባታል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሰኞ እንደማንኛውም ሰው ቁጭ ብለህ ትሰማለህ» አለኝ። ሰኞ ቀበርነው።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ሠራተኞቹ ለወንድሜ ክብር ሲሉ እንደ ባህላችን ለሙት እስከሚደረገው የዘጠነኛው ቀን ጸሎት ድረስ ልብ ወለዱ እንዳይገለጥ እጅ አውጥተው ወስነው ነበር። እኔም መጽሐፉ ራስጌዬ ተቀምጦ አልገለጥኩትም፤ እነሱ ሳይሰሙ ብቻዬን መስማት ነውር መስሎ ታይቶኝ ነው። ጸሎቱ ሳይደርስ ግን ሁለት ባልደረቦችዎ ቤታችን ድረስ መጥተው መጽሐፉን ወሰዱት። በከተማው ያለው ቅጂ እሱ ብቻ ስለሆነ «አዲስና ልዩ ልዩ መጻሕፍት ለአንባብያን» በተሰኘው ዐውደ ርእይዎ ላይ መቅረብ እንዳለበት አስረዱኝ። መጻሕፍቱን በመስታወት ሣጥን ከትተው መቆለፍዎን ሰምቼ አርቆ አሳቢነትዎን አድንቄያለሁ። አንባብያን በመጽሐፍ ላይ ከሚያደርሱት ጉዳት ሁሉ የከፋው ማንበብ ነውና።

ሁለተኛ፦ መጽሐፋችን ሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠው ተገልጦ ነው፤ ለዚህም ከልብ እናመሰግናለን። ይህን እንደሰማን እሑድ ዕለት የፋብሪካው ሰው በሙሉ የክት ልብሱን ለብሶ ዐውደ ርእዩ ባለበት ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ተሰለፈ። የተገለጡት ሁለት ገጾች ወንድሜ ካቆመበት ቀጥለው የሚመጡት ሆነው አገኘናቸው። እኔ መስታወቱ ላይ ጎንበስ ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ከኋላ ያሉት እየተቀባበሉ እስከ ደረጃው ድረስ አደረሱት። ደራሲው ዳኛውን አስነሥቶ ካቆመው በኋላ በመስኮት የሚታየውን የማንጎ ዛፍ፣ ቅርንጫፉን፣ ወፉን፣ የወፉን ጅራት ሲገልጽ ገጹን ሁሉ ጨረሰ። የመጨረሻው መስመር «ዳኛውም በመጨረሻ እንዲህ አለ፦» ይላል። የቀረው በሚቀጥለው ገጽ ላይ ነው።

በፋብሪካው ከሁሉም በላይ በዕድሜ የምትበልጠው ሲጋር ጠቅላይ እትዬ ሚግዳሊያ ወደ ጥበቃው ዞረች።

«ጋሼ ኔሜሲዮ፣ በሞቴ፣ አንዲት ገጽ ግለጥልን።»

«ቁልፉ እኔ ጋ አይደለም፣ ሚግዳሊያ።»

«ታዲያ አንተ እዚህ የምትጠብቀው ምኑን ነው?»

«እናንተን።»

በሚቀጥለው እሑድም ሄድን፤ ምናልባት የሚያጸዳው ሰው ሲወለውል ገጹ ተገልጦ ይሆናል ብለን። አልተገለጠም። በሦስተኛው እሑድ ኦርላንዲቶ የተባለው ቅጠል ለዪ በመስታወቱ የጎን ክፍተት እፍ እያለ ገጹን በትንፋሹ ለማንሣት ሞከረ፤ ጋሽ ኔሜሲዮ «ሳንባህን ለሥራህ አስቀምጥ» ብሎ አስወጣው። አሁን በፋብሪካው ውስጥ ቅጠል ለዪዎቹ ወጥ ሠሪዋ ነጻ ትወጣለች ይላሉ፤ በመስኮቱ በኩል ያሉት ሲጋር ጠቅላዮች ትሰቀላለች ይላሉ፤ በዚሁ ምክንያት ሁለት እህትማማቾች ምሳ አብረው መብላት ትተዋል። ሁሉም እኔን ያዩኛል፤ ወንድሙ ነግሮት ይሆናል ብለው። አልነገረኝም።

ሦስተኛ፦ በመጽሐፋችን ምትክ አንድ ካርቶን ልዩ ልዩ መጻሕፍት ስለላኩልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ከጣሪያ ላይ በረዶ ስለ መጥረግ የተጻፈው፣ በረዶ አይተን ለማናውቅ ለእኛ፣ በተለይ በዚህ አገር ሙቀት ብዙ ጥቅም ይሰጠናል። የአንድ ልብ ወለድ ሁለተኛ ቅጽም ነበረበት። በወንድሜ ወንበር ላይ ሆኜ ሳነብላቸው እትዬ ሚግዳሊያ «ቆይ ልጄ፣ ይህ ሰውዬ የሚያለቅሰው ለማን ነው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «እንግዲያው እሱ ብቻውን ያልቅስ» አለችና መቁረጫዋን ወለሉ ላይ ጣለችው። ላለመዋሸት ያህል፣ ስለ ንብ የተጻፈውን ወደውታል። ቢጠይቋቸው ኖሮ እጅ አውጥተው ይመርጡት ነበር፤ ያልጠየቋቸውም ጊዜ ለመቆጠብ ብለው እንደሆነ እገምታለሁ።

አራተኛ፦ ሰው የሆነ አንባቢ ይሞታል ብለው በማሰብዎ ይመስለኛል፣ የተቀዳ ንባብ የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ አስተክለውልናል። መብራት ባለ ጊዜ በጣም ግሩም ነው ይባላል።

አምስተኛ ብዬ የማቀርበው ዋናው ምስጋናዬ ነው። ባለፈው ሳምንት በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ በለጠፉት ማስታወቂያ፣ ዐውደ ርእዩ «ከሕዝቡ በተለይም ከትምባሆ ሠራተኞች ባገኘው ታይቶ የማይታወቅ ፍቅር የተነሣ» ለተጨማሪ ሦስት ወራት መራዘሙን አንብበናል። ክቡር ሆይ፣ መጽሐፉ እንዲመለስልን ብለን በመጣን ቁጥር መጽሐፉ የሚቆይበትን ጊዜ ስናራዝም የኖርነው እኛው ነን ማለት ነው። ባንመጣ ደግሞ ፈላጊ የለውም ተብሎ ወደ ዋና ከተማ እንደሚላክ ጋሽ ኔሜሲዮ ነግሮናል። ይህን የመሰለ አሠራር ለማውጣት ምን ያህል ጭንቅላት እንዳስፈለገ ሳስብ እደነግጣለሁ።

ስለዚህ የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው። መጽሐፉን መመለስ ከባድ ከሆነ በየእሑዱ አንድ ገጽ ይገለጥልን። ወንድሜ የጀመረውን እነዚህ ሰዎች እስከ መጨረሻው መስማት አለባቸው። እርስዎ ዐውደ ርእዩን በሚያራዝሙበት ፍጥነት ደግሞ ታሪኩ ሳያልቅ ሣጥኑ እንደማይከፈት ሙሉ እምነት አለን።

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ወገቤን እስከሚታጠፍበት ድረስ አጥፌ፣ ዓይኔን ግን ከመስታወቱ ላይ ሳላነሣ፣ ትዕግሥት በማስተማር የማይደክመው የጽሕፈት ቤትዎ ትጉህ ተማሪ፣

ሌዲየር ኬሳዳ ፎንት

ግልባጭ፦
ለፋብሪካው የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለጋሽ ኔሜሲዮ፣ ከሣጥኑ ውጭ

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ ለፋብሪካው በጻፉት ማስጠንቀቂያ «ይህ ተማሪ በአንባቢ ወንበር ላይ የተቀመጠው በማን ፈቃድ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ሳልመልስ መቅረት ብልግና ስለሆነ እነሆ። ከቀብሩ በኋላ ባለው ጠዋት፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን በነቃሁበት የመጀመሪያ ጠዋት፣ ፊቴን ታጥቤ የትምህርት ቤት ልብሴን ለበስኩ። ከወንድሜ ጋር ሁልጊዜ እስከ ፋብሪካው በር አብረን ስለምንሄድ እግሬ ወደዚያው ወሰደኝ። ዘበኛው በሩን ከፈተልኝ። ሠራተኞቹ ሁሉ ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ፤ የሚጠቀልል ግን አልነበረም። ጋዜጣው እንደወትሮው አንባቢው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቆሜ ሳየው እትዬ ሚግዳሊያ «ልጄ፣ ጋዜጣው እኮ ይቀዘቅዛል» አለችኝ። ወንበሩ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ስለ አየሩ አነበብኩ፤ ስለ ስኳር ምርቱ አነበብኩ፤ ከዚያ ቤዝቦሉ ጋ ደረስኩ። የክፍለ ሀገራችን ቡድን ተሸንፎ ነበር። ያን ጠዋት ይህን ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም። አሸንፈናል ብዬ አነበብኩ።

ኦርላንዲቶ ከኋላ «አንተ፣ እኔ በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ እኮ፤ ድምጥማጣችንን ነው ያጠፉት» አለ።

እትዬ ሚግዳሊያ ቀና እንኳ ሳትል «ዝም በል አንተ! ልጁ አሸንፈናል ካለ አሸንፈናል» አለችው።

ኦርላንዲቶ ትንሽ አሰበና «እሺ፣ ስንት ለስንት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጋዜጣውን ከፊቴ ከፍ አድርጌ «ዘጠኝ ለዜሮ» አልኩት።